«እጅዎ ይንካው»፦ ጠባሴ ያለች የሞባይል ሱቅና የእማዬ አዲስ ስልክ

ደብረ ብርሃን ላይ ለእናቱ ወይም ለአባቱ የመጀመሪያ ስማርት ስልክ መግዛት ያሰበ ሰው ቢጠይቀኝ፣ ጠባሴ ያለች አንዲት ትንሽ ሱቅ እጠቁመዋለሁ። ስም የላትም። ከበሯ በላይ «የሞባይል ሽያጭና ጥገና» ይላል፣ አለቀ። መደርደሪያዋ ላይ ያለው ስልክ ጥቂት ነው። ዋጋዋም ከሌላው የተለየ ቅናሽ የለውም። ነገር ግን ስልክ እንዴት መሸጥ እንዳለበት የሚያውቅ ልጅ እዚያ አለ።

የሄድኩት እማዬን ይዤ ነው። የምትኖረው አንኮበር ነው፤ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዕድሜዋ ስልሳን አልፏል። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ዘመቻው በ1971 ሲጀመር ገና ልጃገረድ ነበረች። ስለዚህ አማርኛ አቀላጥፋ ታነባለች። የእንግሊዝኛ ፊደል ግን አታውቅም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ጉዳይ ይሆናል። እስካሁን የያዘችው ባለ ቁልፍ ስልክ ነበር። እህቴ አረብ አገር ወልዳ፣ የሕፃኑን ፊት በኢሞ ልታሳያት ስለፈለገች ነው አዲስ ቀፎ ፍለጋ የወጣነው።

ብዙ ሱቅ ውስጥ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሻጩ ካርቶኑን ራሱ ይከፍታል። ጂሜይሉን ራሱ ያወጣል፣ ወይም ለመጣው ሁሉ የሚጠቀምበትን አንድ ጂሜይል ያስገባል። ቴሌግራሙንና ኢሞውን ከራሱ ስልክ በዜንደር፣ ያለ ኔት ፋይል በሚያላልከው አፕ፣ ይልካል። «በቃ፣ አልቋል» ብሎ ይሰጣችኋል። ፈጣን ነው፣ ሰውም ደስ ብሎት ይወጣል። ጣጣው የሚመጣው ቆይቶ ነው። አንድ ጎረቤታችን ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ፓተርኑ ጠፍቶበት ስልኩን ፎርማት አስደረገው። ስልኩ ሲነሳ ቀድሞ የነበረውን አካውንት ጠየቀ። አካውንቱ የሻጩ ነው። ሻጩ ደግሞ ፓስወርዱን አያስታውስም። ይህ ብልሽት አይደለም። ሌባ የሰረቀውን ስልክ ፎርማት አድርጎ እንዳይጠቀምበት ጉግል በአንድሮይድ 5.1 ላይ፣ በፈረንጅ 2015 መሆኑ ነው፣ ያስገባው መከላከያ ነው። ጥሩ መከላከያ ነው። አካውንቱ የእናንተ ካልሆነ ግን የሚቆለፈው በእናንተ ላይ ነው።

የጠባሴው ልጅ ስልኩን አልነካም።

«እናቴ፣ ካርቶኑን እርስዎ ይክፈቱት» አላት። እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «እሷ ትክፈተው እንጂ፣ እኔ ምኑን አውቄው» አለች። ልጁም «ስልኩ የማን ነው? የእርስዎ አይደል? እጅዎ ይንካው» አላት። ከዚያ በኋላ ረፋዱን ሙሉ ይህችኑ ሲል ነበር። ስትሳሳትም ስትዘገይም ከእጇ ወስዶ አልሠራላትም። በራሱ ስልክ ላይ ያሳያታል፣ እሷ በራሷ ላይ ትደግመዋለች። እኔ ላግዛት ብዬ እጄን ስሰድ በዓይኑ ይከለክለኛል። ሌላ ደንበኛ ሲመጣ እንኳ «ትንሽ ይታገሱኝ፣ እናቴን ልጨርስ» ይላል። ይህን የመሰለ ትዕግሥት በገንዘብ አይገዛም።

ቀፎውን ስንመርጥ የጠየቀን ነገርም ጥሩ ነበር። እኔ ያየሁት ርካሽ የሆነውን ነበር። እሱ «ይሄ የቆየ ሞዴል ነው፣ የደህንነት ማሻሻያ አይመጣለትም፤ ቴሌብርና ባንክ ልትጫኑበት ከሆነ አልመክርም» አለን። የወሰድነው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ15 ነው። በፈረንጅ 2023 መጨረሻ ላይ የወጣ ነው፣ ሳምሰንግም የ5 ዓመት የደህንነት ማሻሻያ ቃል ገብቶለታል። እስክሪኑ 6.5 ኢንች ነው፣ ለእማዬ ዓይን ይበቃል። ባትሪው 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። ካርቶኑ ውስጥ ገመድ እንጂ የቻርጀር ራስ ስለሌለ እሱን ለብቻ ነው የገዛነው። ዋጋውን አልጽፍም። የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የስልክ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር፣ የእኔ ቁጥር ለእናንተ አይጠቅምም።

ስልኩ እንደተነሳ መጀመሪያ ያስደወላት *#06# ነው። 15 አሃዝ ያለው ቁጥር ይወጣል። ያ የቀፎው መታወቂያ ነው። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አስተያያት፣ ከዚያ ደረሰኙ ላይ ጻፈላት። ካርቶኑና ቀፎው ካልገጠሙ ስልኩ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ስልክ ጠፍቶበት ፖሊስ ጋ የሄደ ሰው ይህ ቁጥር በእጁ ከሌለ የእኔ ነው የሚልበት ነገር እንደሚያጥረው ሁላችንም እናውቃለን።

ቀጥሎ ጂሜይል። እዚህ ላይ ነው የእንግሊዝኛ ፊደሉ ጉዳይ የመጣው። ፓስወርዱን እማዬ ልትጽፈው አትችልም። ልጁ ራሱ ሊጽፈው ፈቃደኛ አልሆነም። «እህቴ፣ አንቺ ጻፊው፣ እኔ አላይም» ብሎ ዞረ። ስሟን፣ ስልክ ቁጥሯንና የልጆቿን ስም እንዳላስገባ ነገረኝ። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ቃላት ገጣጥሜ፣ መሃላቸው ቁጥር ጨምሬ፣ ወረቀት ላይ በጉልህ ጻፍኩት። ወረቀቱ ከስልኩ ጋር አይቀመጥም። አሁን ያለው አንኮበር ሳጥን ውስጥ፣ ከመሬት ይዞታ ደብተሯ ጋር ነው። አካውንቱ ቢጠፋ መመለሻ እንዲሆን የእኔን ስልክ ቁጥር አስገባን።

የልደት ዘመን ሲጠይቅ እማዬ «በ1955፣ ጥር ላይ» አለች። ፎርሙ የፈረንጅ ስለሆነ 1963 ነው የሚሆነው። ልጁ ሳይነገረው አሰላው። ትንሽ ነገር ይመስላል። ለልጆች ስልክ የምትከፍቱ ግን ተጠንቀቁ። የልጁን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ካስገባችሁት ጉግል ልጁን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል፣ ለሕፃናት የተዘጋው ሁሉ ይከፈትለታል።

ሰዓቱም አከራክሮን ነበር። እማዬ ሰዓቱ በሐበሻ እንዲሆን ፈለገች። ብዙ ሰው የስልኩን ሰዓትና ቀን በእጁ ይቀይራል። ልጁ ይህን አልቀበልም አለ። ትክክል ነው። ቀኑን በእኛ ዓመተ ምሕረት ከሞላችሁት ስልኩ ዓመታት ወደ ኋላ የሄደ ይመስለዋል፣ ድረ ገጾች አይከፈቱም፣ ዋትስአፕም ቀኑን አስተካክል ይላል። የስልኩን ቀን እንዳለ ትቶ፣ የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያና ሰዓት የሚያሳይ አፕ ከፕሌይስቶር አስጫናት። አሁን ስልኳን ስትከፍት የምታየው የራሷን ሰዓት ነው። በዓላቱም አሉበት፣ እሱን በጣም ወደደችው።

አሻራ ላይ ተቸገርን። የእማዬ ጣቶች እህል ሲፈጩ፣ ሱፍ ሲፈትሉ፣ ምጣድ ላይ ሲውሉ የኖሩ ናቸው። መስመሩ ተበልቷል። ስልኩ ደጋግሞ እንቢ አለ። ልጁ ጣቷን በጨርቅ አስጠረጋት፣ የቀኝ አውራ ጣቷንም ሁለት ጊዜ፣ የተለያየ አሻራ አስመስሎ አስመዘገባት። እንዲህ ሲደረግ ቶሎ ይለያል። ሌላውን እጇንም ጨመረች። አሻራው እንቢ ሲል የሚያገለግለውን ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ግን ራሷ መርጣ፣ ራሷ አስገባችው። ቁጥሩን እኔም አላውቀውም። ልታስታውሰው ትችል እንደሆነ ሰግቼ ነበር። እስካሁን አንድም ቀን አልጠፋባትም።

ጽሑፉን እንዴት እንደምታተልቅ አሳያት። ሳምሰንግ ላይ ቀላል ሁነታ የሚባል አለ፤ ምልክቶቹን ያገዝፋል፣ የማያስፈልገውን ይቀንሳል። ጂቦርድ ላይ፣ የጉግል መጻፊያ ሰሌዳ ነው፣ የአማርኛ ፊደል እንድታወጣ አሳያት። ከሁሉ ያስደነቃት ግን ማይክሮፎኑ ነው። የጉግል የድምፅ ጽሕፈት በፈረንጅ ከ2017 ጀምሮ አማርኛ ይሰማል። «እንደምን አደርሽ ልጄ» ስትል እስክሪኑ ላይ ተጻፈ። እማዬ አንብባ፣ መልሳ እኔን አየችኝ። ለእህቴ የላከችው የመጀመሪያ መልእክት ይኸው ነው።

አፖቹን ሁሉ ያስጫናት ከፕሌይስቶር ነው። ኔት እየተንቀራፈፈ እንኳ በዜንደር ልላክልሽ አላለም። በቴሌግራም «ይሄን ፋይል ጫኑ፣ ቦነስ ታገኛላችሁ» እየተባለ የሚላከውን እንዳትነካ ነገራት። ስልኩ «ከማይታወቅ ምንጭ ልጫን ወይ» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ አይሆንም ነው። ካሜራና ማይክሮፎን ለሚጠይቅ አፕም «ስጠቀምበት ብቻ» የሚለውን እንድትመርጥ አሳያት። የእጅ ባትሪ አፕ አድራሻ መጽሐፍ ከጠየቀ ይጥፋ አላት፤ ስልኩ ራሱ መብራት አለው።

ቴሌግራም ላይ ሦስት ነገር አስተካከለች። ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ዘጋችው፤ አለዚያ የሞላችው ፓኬጅ ከሰዓት አይደርስም። የማታውቀው ሰው ግሩፕ ውስጥ እንዳይጨምራት «የማውቃቸው ብቻ» አለችው። የማጭበርበሪያ ግሩፕ ሁሉ ሰው የሚለቅመው በዚህ ነውና። ሁለተኛ የይለፍ ቁጥርም አስገባች፤ በመልእክት የሚመጣውን የመግቢያ ኮድ የሰረቀ ሰው ያለዚህ ቁጥር አይገባም። ፕሌይስቶሩ ደግሞ የሚያሻሽለው በዋይፋይ ብቻ ሆነ። አንኮበር ቤታችን ዋይፋይ ስለሌለ፣ እኔ ጋ ስትመጣ ነው የምናሻሽለው። ማሻሻያው እንዳይረሳ ኃላፊነቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

አሁን ሱቁን እንድወደው ወዳደረገኝ ነገር ልምጣ።

ልጁ ሁሉ ካለቀ በኋላ ወደ ውጭ ወጣ። ከበሩ ሆኖ ደወለላት። እማዬ አነሳች። «ጤና ይስጥልኝ፣ ከባንክ ነው የምደውለው። ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው። አሁን በመልእክት የገባልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» አላት። ድምፁን አጎርንኖታል። እማዬ ዝም ብላ ሰማችው። ከዚያ «ባንክ ከሆንክ የእኔ ቁጥር አንተው ዘንድ ነው ያለው፤ ምን ትጠይቀኛለህ?» አለችው። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አጨበጨበላት።

አንድ ጊዜ ብቻ አላደረገውም። ቀጥሎ «እናቴ፣ በስህተት ሁለት ሺህ ብር ልኬብዎት ነበር፣ እባክዎ መልሱልኝ፣ ልጄ ታሟል» ብሎ ደወለ። እዚህ ላይ አንጀቷ ተላወሰ። «ወይኔ ልጄን፣ እንዴት ልመልስልህ?» አለች። ያን ጊዜ ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። በእርጋታ አስረዳት። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው 127 ከሚል ላኪ ነው እንጂ በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር የሰው ቁጥር አይደለም። ሐሰተኛው መልእክት ግን የእውነተኛውን ቃል ገልብጦ ከሰው ቁጥር ነው የሚላከው። መልእክቱ ምንም ቢል መጀመሪያ በ*127# ወይም በአፑ ገብቶ የራስን ሂሳብ ማየት ነው። ብሩ በእርግጥ ከገባ እንኳ የሚመለሰው በቴሌ በኩል እንጂ ለደወለው ሰው አይደለም። «ለእውነተኛ ችግረኛ ማዘንዎ ጥሩ ነው፤ ግን መጀመሪያ ስልኩን ይዝጉና ልጅዎ ጋ ይደውሉ» አላት። እማዬ ይህን አልረሳችም። እኛ ስንት ጊዜ «ተጠንቀቂ» ብለናታል። በቃል የተነገራት አልያዘላትም፤ ራሷ ያለፈችበት ያዘላት። አዲስ ስልክ የሚሸጥ ሁሉ ይህን ቢያደርግ የስንቱ አዛውንት ጥሪት በተረፈ ነበር።

ስልኩን የመፈለጊያ አገልግሎቱንም አስሞከረን። ስልኳ ድምፁ ተዘግቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። በእኔ ስልክ በእሷ ጂሜይል ገብተን ድምፅ አስጮኽነው። ጸጥ ቢደረግም ይጮኻል። ቦታውን በካርታ ያሳያል፣ ከሩቅ ይቆልፋል፣ ከባሰም ያጠፋል። ግን ስልኩ ካልበራና ኔት ከሌለው ብዙ አትጠብቁበት። ስንጨርስ ከእኔ ስልክ ላይ ጂሜይሏን እንዳወጣ አሳሰበኝ።

ጉድለቱን ደግሞ ልናገር። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ያለችው አንዲት በርጩማ ስለሆነች እኔ ረፋዱን ቆሜ ነው ያሳለፍኩት። ግላስና ከቨር ሲሸጥ ያው ልጅ ነጋዴ ይሆናል፤ አጥብቆ ውድ ውዱን ነው የሚያሳየው። ዋስትናውን የነገረን በአፍ ብቻ ነበር። ደረሰኙ ጀርባ ላይ ምን እንደሚሸፍን፣ እስከ መቼ እንደሆነ አስጽፌ፣ ማኅተም አስመትቼ ነው የወጣሁት። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉድለት ግን የሲም ካርዱን ቁልፍ አለመንገሩ ነው። ስልኩ የቱንም ያህል ቢቆለፍ፣ ሌባ ሲሙን አውጥቶ ሌላ ቀፎ ውስጥ ከከተተው የባንክም የቴሌግራምም ኮድ ወደ እሱ ይመጣል። የሲሙን ፒን፣ ማለትም የሲሙን የራሱን መክፈቻ ቁጥር፣ ማብራት ይህን ይዘጋል። እኔ ቤት ገብተን አበራሁላት። በጥንቃቄ ነው የሚደረገው። ሲሙ የመጣበት መያዣ ላይ ያለውን ፒን ይዞ መጀመር ነው። ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ፑክ የሚባል ሌላ መክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል፣ ፑክ አሥር ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ይሞታል። መያዣውን የጣለ ሰው በግምት አይሞክር፣ ቴሌ ይጠይቅ። በተቆለፈ እስክሪን ላይ የሚታየውን የአስቸኳይ ጊዜ መረጃም ሞላሁላት፦ የእኔ ቁጥር፣ የደም ዓይነቷ፣ ግፊት እንዳለባት። መንገድ ላይ ብትወድቅ ያገኛት ሰው ቁልፉን ሳይከፍት ሊደውልልኝ ይችላል።

ስለ ባትሪውም አንድ ነገር ልጨምር፣ የእኛን አገር ብርድ የሚመለከት ስለሆነ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጭ ሲመጣ ባትሪው ቶሎ የወረደ ይመስላል። ብርድ ነው፤ ሲሞቅ ይመለሳል። እማዬ መጀመሪያ ያሰበችው ከምድጃው አጠገብ ማሞቅ ነበር። ይህ ክፉኛ አደገኛ ነው። የስልክ ባትሪ እሳትና ከፍተኛ ሙቀት አይችልም፣ ሊያብጥም ሊነድም ይችላል። ኪስ ወይም ጉያ ይበቃዋል። ቻርጅ ላይ ሆኖ ጋቢ ውስጥ ወይም ትራስ ሥር አይገባም። መብራት ሲጠፋም ቻርጀሩን መንቀል፣ ሲመለስ ትንሽ ቆይቶ መሰካት ጥሩ ነው፤ አመጣጡ አንዳንዴ ኃይለኛ ነው። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ስልኩ ሲፈልግ ስለሚያድር ባትሪው ያልቃል። አንዳንዶች የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት ይላሉ። እኔ ለእማዬ አልመከርኩም። እህቴ የምትደውለው ማታ ነው።

ወደ ጠባሴ የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ሱቋ ትጨናነቃለች። ከዚያ በፊት ግን ሲሙ በማን ስም እንደወጣ አረጋግጡ። የእማዬ በወንድሜ ስም ነበር የወጣው። ቢጠፋባት ምትክ ለማውጣት እሱ ከነመታወቂያው መገኘት ነበረበት፤ እሱ ደግሞ የሚኖረው ሩቅ ነው። መጀመሪያ ቴሌ ሄደን ወደ ስሟ አዛወርነው፣ ከዚያ ነው ቴሌብር የከፈተችው። ወደ ሱቁ ስትሄዱ ስልኩ የሚገዛለትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። መነጽሩን እንዳይረሳ አስታውሱት። ልጁ ያለ ባለቤቱ ስልክ አይከፍትም፣ «ይምጡና እጃቸው ይንካው» ብሎ ይመልሳችኋል።